ደንብ፣ ዕጣና ዳኝነት፡- የሚና ጨዋታዎች እንዴት ይነደፋሉ? እንዴትስ ይመራሉ?

የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ ለመጀመር የሚያስፈልገው ቁሳቁስ ጥቂት ነው። አራት ወይም አምስት ሰዎች፣ ወረቀትና እርሳስ፣ በየገጹ ቁጥር የተጻፈበት የዕጣ መጣያ ዳይስ እና አንድ የደንብ መጽሐፍ በቂ ናቸው። ተጫዋቾቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ሚና በመያዝ፣ በንግግር ብቻ አንድ ታሪክ በጋራ ይገነባሉ።

ከመካከላቸው አንዱ ግን ከሌሎቹ የተለየ ኃላፊነት አለበት። የጨዋታ መሪ የሚባለው ይህ ሰው ታሪኩ የሚፈጸምበትን ዓለም ይገልጻል፤ ተጫዋቾቹ የሚገጥሟቸውን ወዳጆችና ጠላቶች ወክሎ ይናገራል፤ አለመግባባት ሲፈጠርም ይዳኛል። ይህን ያህል ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ሲከማች ጨዋታው ፍትሐዊ ሆኖ እንዲቀጥል የሚያደርገው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ የዘርፉ ዋነኛ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል።

የሚና ጨዋታ ከገበጣ፣ ከዳማና ከቼዝ የሚለየው በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛ፣ በአብዛኛው አሸናፊና ተሸናፊ የለውም። ሁለተኛ፣ ተጫዋቹ ሊያደርግ የሚችለው ነገር አስቀድሞ ተዘርዝሮ አልተቀመጠም። ለምሳሌ መሪው ወንዙ መሙላቱን፣ ድልድዩ በግማሽ መሰበሩንና አሳዳጆች እየቀረቡ መሆኑን ይናገራል እንበል። አንዱ ተጫዋች ለመዝለል፣ ሌላው ገመድ ለመወርወር፣ ሦስተኛው ደግሞ ከአሳዳጆቹ ጋር ለመደራደር ሊወስን ይችላል። ይህን ሁሉ አስቀድሞ ሊያካትት የሚችል የደንብ መጽሐፍ የለም። በመሆኑም ደንቡ በማይደርስበት ቦታ ሁሉ የመሪው ፍርድ አስፈላጊ ይሆናል።

በደንብና በዳኝነት መካከል ያለው ይህ ጥያቄ መነሻው የጦር ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ በ1824 በፕረሽያ ጦር ውስጥ የመድፈኛ መኮንን የነበረው ጆርጅ ፎን ራይስቪትስ መኮንኖችን ለማሠልጠን የሚያገለግል የጦርነት ጨዋታ ደንብ አሳተመ። በጨዋታው ሁለት ወገኖች በካርታ ላይ ይፋለማሉ። ትዕዛዛቸውን ግን ለአንድ ዳኛ ይሰጣሉ። ዳኛውም ሠንጠረዥና ዳይስ ተጠቅሞ ውጤቱን ይወስናል፤ ለእያንዳንዱ ወገን የሚነግረውም ያ ወገን ሊያየው የሚችለውን ብቻ ነው።

ከጊዜ በኋላ ሠንጠረዦቹ ጨዋታውን አዝጋሚ ያደርጉታል የሚል ቅሬታ ተነሳ። በመሆኑም የጦር መኮንኑ ዩሊየስ ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኗ እ.ኤ.አ በ1876 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ውጤቱ በዋናነት ልምድ ባለው ዳኛ ውሳኔ እንዲወሰን ሐሳብ አቀረበ። አሜሪካዊው መኮንን ቻርልስ ቶተንም እ.ኤ.አ በ1880 ባወጣው የጦርነት ጨዋታ ደንብ ተጫዋቾች ማንኛውንም ነገር መሞከር እንደሚችሉ፣ ውጤቱን ግን ዳኛው እንደሚወስን አሰፈረ።

የቶተን መጽሐፍ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ዴቪድ ዌስሊ በተባለ የጦርነት ጨዋታ አፍቃሪ እጅ ገባ። ዌስሊ እ.ኤ.አ በ1969 ባዘጋጀው ጨዋታ ተጫዋቾቹ እንደተለመደው ሠራዊት ከመምራት ይልቅ እያንዳንዳቸው በአንዲት ምናባዊ ከተማ የሚኖር የአንድ ሰው ሚና ተሰጣቸው። በዚህ ጨዋታ የተሳተፈው ዴቭ አርነሰን ሐሳቡን ወደ ተረት ዓለም በመውሰድ ጀግኖች፣ አስማተኞችና የምድር ውስጥ ዋሻዎች ያሉበትን የራሱን ጨዋታ መምራት ጀመረ። በዊስኮንሲን ግዛት ሌክ ጄኔቫ ከተማ ይኖር ከነበረው ጋሪ ጋይጋክስ ጋር በመተባበርም እ.ኤ.አ በ1974 "ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ" የተሰኘውን ጨዋታ ለንባብ አበቁ። ሦስት ትናንሽ መጽሐፍትን የያዘው ይህ የመጀመሪያ እትም የታተመው በ1 ሺህ ቅጂ ብቻ ቢሆንም፣ ዛሬ ለሚታወቀው የጨዋታ ዘርፍ መሠረት ለመሆን በቅቷል።

የሚና ጨዋታን የሚነድፍ ሰው ቀዳሚ ተግባሩ ታሪክ መጻፍ አይደለም። ታሪክ የሚወለድበትን ሁኔታ ማመቻቸት ነው። ለዚህም ከሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች አንዱ የዕድል ስሌት ነው። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ሲጣል እያንዳንዱ ቁጥር የመውጣት ዕድሉ እኩል 5 በመቶ በመሆኑ ውጤቱ ተለዋዋጭ ነው፤ ብርቱው ሊሸነፍ፣ ደካማውም ሊያሸንፍ ይችላል። ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ተጥለው ሲደመሩ ግን ከ36 አጋጣሚዎች 7 ቁጥር በስድስቱ ሲወጣ፣ 2 ወይም 12 የሚወጡት እያንዳንዳቸው በአንድ አጋጣሚ ብቻ ነው። ስለሆነም ውጤቱ ወደ መካከለኛው ያደላል።

ቪንሰንት ቤከርና ሜጌ ቤከር የነደፉትና እ.ኤ.አ በ2010 የወጣው "አፖካሊፕስ ወርልድ" የተሰኘው ጨዋታ ይህንኑ ስሌት በብልሃት ተጠቅሞበታል። በጨዋታው 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ተጫዋች ያሰበው ይሳካለታል፤ 6 እና ከዚያ በታች ያመጣ ችግር ይገጥመዋል። ከ7 እስከ 9 ያመጣ ደግሞ ይሳካለታል፤ ነገር ግን ዋጋ ይከፍላል። ተጨማሪ ነጥብ የሌለው ተጫዋች በዚህ መካከለኛ ክልል የመውደቅ ዕድሉ ከ36 ውስጥ 15 ነው። በዚህም ምክንያት ታሪኩ "ተሳካ" ወይም "አልተሳካም" በሚል ከመቋጨት ይልቅ አንዱ ችግር ሌላውን እየወለደ እንዲቀጥል ደንቡ ራሱ ያስገድዳል።

ሁለተኛው መሣሪያ ሽልማት ነው። በ1974ቱ ጨዋታ ተጫዋቾች ለገጸ ባሕርያቸው ዕድገት የሚያስፈልገውን ነጥብ በብዛት የሚያገኙት ጭራቅ በመግደል ሳይሆን ሀብት ይዞ በመመለስ ነበር። በመሆኑም ብልህ ተጫዋቾች ውጊያን መሸሽና በዘዴ መዝረፍን መረጡ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ በ1981 የወጣውና ሳንዲ ፒተርሰን የነደፈው "ኮል ኦፍ ክቱሉ" የተባለው አስፈሪ ጨዋታ፣ ገጸ ባሕርያት ዘግናኝ ነገር ባዩ ቁጥር የሚቀንስ የአእምሮ ጤንነት መለኪያ አለው። እዚህ ላይ ጭራቁን መጋፈጥ ራሱ ኪሳራ ነው። ደንቡ የሚሸልመውና የሚቀጣው ነገር የተጫዋቹን ጠባይ ይቀርጻል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መልካም ንድፍ ብቻውን መልካም ጨዋታን አያረጋግጥም። ልምድ ያላቸው መሪዎች በቅድሚያ የሚመክሩት መደምደሚያ ሳይሆን ሁኔታ እንዲዘጋጅ ነው። ለምሳሌ በአንዲት ከተማ ሁለት ባላንጣ ቤተሰቦች፣ የጠፋ የርስት ሰነድና ሰነዱን በሚስጥር የሸጠ አንድ ጸሐፊ ቢዘጋጁ፣ ተጫዋቾቹ በየትኛውም በኩል ቢገቡ መሪው ምላሽ መስጠት ይችላል። መጨረሻውን አስቀድሞ የወሰነ መሪ ግን ተጫዋቾቹ ካሰበው መንገድ በወጡ ቁጥር እየጎተተ ይመልሳቸዋል። ይህም የጨዋታውን ዋነኛ ደስታ ማለትም የመወሰን ነጻነትን ያሳጣል።

ምርመራ ላይ በተመሠረቱ ታሪኮች ደግሞ ለአንድ አስፈላጊ ግኝት ቢያንስ ሦስት ፍንጮችን ማስቀመጥ የተለመደ ምክር ነው። ተጫዋቾቹ አንዱን ሳያዩት ሊያልፉ፣ ሁለተኛውን በተሳሳተ መንገድ ሊተረጉሙ ይችላሉና። ዕጣም ቢሆን የሚጣለው ውጤቱ በእርግጥ አጠራጣሪ ሲሆንና መሳካቱም ሆነ አለመሳካቱ ታሪኩን ወደፊት የሚያራምድ ሲሆን ነው። ከምንም በላይ ግን መሪው ከዕጣው በፊት ሊከተል የሚችለውን አደጋ በግልጽ መናገር ይጠበቅበታል። አደጋውን አውቆ የዘለለ ተጫዋች ገጸ ባሕርይው ቢሞት ያዝናል እንጂ ተበደልኩ አይልም።

ከጨዋታው በፊት የሚደረግ ውይይትም ልዩ ትኩረት ተሰጥቶታል። በዚህ ውይይት ምን ዓይነት ታሪክ እንደሚፈለግና የትኞቹ ጉዳዮች እንዳይነሱ እንደሚፈለግ ስምምነት ይደረሳል። በበርካታ ጠረጴዛዎች ላይም ማንኛውም ተጫዋች ምክንያቱን ሳይገልጽ አንድን ትዕይንት ለማስቆም የሚነካው ካርድ ይቀመጣል። እነዚህ ልማዶች የመሪው ሥልጣን ከተጫዋቾቹ ፈቃድ የመነጨ መሆኑን የሚያረጋግጡ ናቸው።

የመሪው ሥልጣን ከጠረጴዛው ውጪ ባሉ ሰዎች ዘንድም ስጋት ፈጥሮ ያውቃል። እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ በአሜሪካ ጨዋታው ወጣቶችን ወደ ባዕድ አምልኮና ራስን ወደ ማጥፋት ይመራል የሚል ዘመቻ ተካሂዷል። ሆኖም ጨዋታው ለእነዚህ ድርጊቶች መንስኤ መሆኑን ያረጋገጠ ጥናት አልቀረበም።

ከዚህም በላይ የሚያነጋግረው ጨዋታው በታተመበት በዊስኮንሲን ግዛት በሚገኘው የዋፑን ማረሚያ ቤት የተፈጸመው ነው። ማረሚያ ቤቱ እ.ኤ.አ በ2004 ጨዋታውን ከልክሎ፣ የአንድ ታራሚ ንብረት የሆኑ መጻሕፍትንና በእጁ የጻፈውን የ96 ገጽ የጨዋታ ረቂቅ ወረሰ። ታራሚው ክስ ቢመሠርትም የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በጥር 2010 ክልከላውን አጽንቷል። ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ አንድ ሰው ሌሎችን የሚመራበት አሠራር የወሮበላ ቡድን አደረጃጀትን ይመስላል የሚል ነበር። ጨዋታው በማረሚያ ቤቱ ከዚያ ቀደም እንዲህ ያለ ድርጊት አለማስከተሉን ኃላፊዎቹ ራሳቸው አምነው ነበር።

ንጽጽሩ አንድ መሠረታዊ ልዩነት ይዘነጋል። የቡድን አለቃ ታዛዥ ይፈልጋል። የጨዋታ መሪ የሚያስፈልገው ግን "የለም፣ እኔ በሌላ በኩል እሄዳለሁ" የሚል ተጫዋች ነው። ያለዚያ የሚመራው ጨዋታ አይኖርም። እ.ኤ.አ በ2009 የወጣውን "ፊያስኮ" የመሳሰሉ ጨዋታዎች ደግሞ መሪን ጭራሽ በማስቀረት ሥልጣኑን ለሁሉም ተጫዋቾች አከፋፍለዋል።

የሥልጣን ጥያቄው በአሳታሚዎችና በነዳፊዎች መካከልም ተነስቷል። የ"ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ" ባለቤት የሆነው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት እ.ኤ.አ በ2000 ሌሎች ነዳፊዎች የደንቡን መሠረታዊ ክፍል እንዲጠቀሙ የሚፈቅድ ግልጽ ፈቃድ አውጥቶ ነበር። በርካታ አነስተኛ አሳታሚዎችም ኑሯቸውን በዚሁ ላይ መሠረቱ። ኩባንያው ፈቃዱን ለመሻርና ከፍተኛ ገቢ ካላቸው አሳታሚዎች ድርሻ ለመጠየቅ ማቀዱን የሚያሳይ ረቂቅ እ.ኤ.አ በጥር 2023 ሾልኮ ሲወጣ ግን ከፍተኛ ተቃውሞ ገጠመው። በዚያው ወር መጨረሻም ዕቅዱን ሰርዞ፣ የደንቡን መሠረታዊ ሰነድ ማንም ሰው ምንጩን ጠቅሶ በነጻ እንዲጠቀምበት በማይሻር ፈቃድ ለቀቀ።

ከፕረሽያ መኮንኖች እስከ ዛሬዎቹ ተጫዋቾች ያለው የሁለት መቶ ዓመታት ጉዞ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ደንብ ብቻውን ሁሉንም ሊያይ አይችልም፤ ዕጣ ፍትሕን አያውቅም፤ ዳኛም ያለ ገደብ ሲተው ያዳላል። ሦስቱ እርስ በርስ ሲገዳደሩና ተጫዋቾቹ በዳኛው ላይ እምነት ሲያድርባቸው ጨዋታው ይሰምራል። በመሆኑም ጨዋታ ለመንደፍም ሆነ ለመምራት የሚነሳ ሰው ከዳይሱና ከመጽሐፉ አስቀድሞ ሊያሰናዳ የሚገባው ይህንን እምነት ነው።