«ኩላሊት የሚሰጠን ይደውል» ብላችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት



ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀ ሰሞን ነው። አሶሳ ተረኛ ሆኜ ሳለሁ አንድ አባት ስልካቸውን አሳዩኝ። የ24 ዓመት ልጃቸው ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው አዲስ አበባ እጥበት ላይ ነው። ፎቶውን፣ የደም ዓይነቱንና ስልካቸውን ፌስቡክ ላይ ለጥፈው «ኩላሊት የሚሰጠን ይደውል» ብለዋል። ከደወሉት ብዙዎቹ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ትከፍላላችሁ?»

«ዶክተር፣ ለግድቡ በ8100 አላዋጣንም? ለልጄ ብለምን ምን ነውር አለው?» አሉኝ።

ነውር የለውም። ግን ገንዘብ ከማንም ይዋጣል፣ ኩላሊት እንደዚያ አይደለም። መሸጥም መግዛትም በሕግ የተከለከለ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተጀመረው ንቅለ ተከላም የቆመው በሕይወት ባለ ዘመድ ልግስና ላይ ነው። ስለዚህ መልእክቱ መድረስ ያለበት ለማናውቀው ሰው ሳይሆን ለቤተሰቡ ነው።

«ዘመዶቻችሁን ጠይቃችኋል አባቴ?»

ዝም አሉ። ቆይተው «ምን ብዬ? እህቴን ሆድሽን ተቀደጂልኝ ልበላት?» አሉ።

ትልቁ ችግር ይሄ ነው። ታማሚውም ወላጁም አፍ አውጥቶ መጠየቅ ይከብደዋል። እምቢ ቢሉስ? ቅያሜ ቢመጣስ? አሜሪካ ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ለዚህ መላ አበጅቷል፦ ታካሚው ከወዳጆቹ አንዱን ይመርጣል፣ ያ ሰው ስለ ልገሳ ሠልጥኖ በእሱ ፈንታ ይናገርለታል። እኛም ቤት ይሠራል።

እንዴት?

1. ነገር የሚያስረዳና የሚታመን አንድ ሰው ምረጡ።

2. የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ። አክስት፣ አጎት፣ የአጎት ልጅ፣ ውጭ አገር ያሉትም ይግቡ።

3. አትጫኑ፣ አስረዱ። ለምሳሌ፦ «ወንድማችን በሳምንት እስከ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ማሽን ላይ ነው። ከዘመድ ኩላሊት ካገኘ ከማሽኑ ሊላቀቅ ይችላል። ለመመርመር ፈቃደኛ የሆነ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ያልቻለን ማንም አይቀየመውም።»

4. ስልክ ቁጥርና የሕክምና ወረቀት በአደባባይ አትለጥፉ። ደላላ የሚገባው በዚያ ነው።

ዘመድ የሚጠይቃችሁ ጥያቄዎች

በአንድ ኩላሊት መኖር ይቻላል? አዎ። በ1954 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ለመንትያ ወንድሙ የለገሰው ሮናልድ ሄሪክ ከዚያ በኋላ 56 ዓመት ኖሯል።

አደጋ የለውም? አለው፣ ቀዶ ሕክምና ነው። በአሜሪካ በተሠራ ሰፊ ጥናት ከ10 ሺህ ለጋሾች 3 ያህሉ በ90 ቀናት ውስጥ ሞተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ግን ደብቃችሁት ማንንም አትጠይቁ።

እኔ ፖዘቲቭ ነኝ፣ እሱ ኔጌቲቭ ነው፤ ይሆናል? ለኩላሊት ይህ ልዩነት አያመጣም። የሚታየው ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ ወይም ኦ መሆኑ ነው። ከዚያ ሌሎች የመጣጣም ምርመራዎች ይከተላሉ።

ማን አይለግስም? ስኳር ያለበት፣ ግፊቱ በቁጥጥር ሥር ያልሆነ፣ የራሱ ኩላሊት የደከመ ሰው አይለግስም። የተገደደ ሰውም አይለግስም። ለጋሹ ቀዶ ሕክምናው እስኪጀመር ድረስ ሐሳቡን መቀየር ይችላል።

አባትየው ያን ልጥፍ አጠፉት። የእህታቸው ልጅ ግሩፕ ከፍታ ጻፈች። ሦስት ሰዎች እንመርመር አሉ። የአንዱን ግፊት እኔው ስለካው 160/100 ሆኖ አገኘሁት፤ ግፊት እንዳለበት እንኳ አያውቅም ነበር። ኩላሊት ሊሰጥ መጥቶ የራሱን ኩላሊት የሚያድን ሕክምና ጀመረ። ሁለቱ ለምርመራ አዲስ አበባ ሄደዋል፣ ውጤቱን እየጠበቅን ነው።

እናንተም ቤት እጥበት ላይ ያለ ሰው ካለ እሱ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። «እኔ ልናገርልህ» በሉት።

ይህን ጽሑፍ ሼር በማድረግ ለሚያስፈልገው ሰው አድርሱልን።