እግር በእግር የሚከታተል ሁሉ ታማሚ ነው?

እኛን የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን ሰው ደጋግሞ ይጠይቀናል፦ «እምቢ ብትለውም በሯ ላይ ይቆማል፣ ሌሊት ይደውላል። አብዷል እንዴ?»

አንዳንዱ በእርግጥ ታሟል። ፈረንሳዊው ሐኪም ደ ክሌራምቦ እ.ኤ.አ. በ1921 የገለጻት ሴት የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ እንደሚወዳት ታምን ነበር። ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ደጃፍ ቆማ የመስኮት መጋረጃ ሲንቀሳቀስ ካየች፣ ለእሷ የተላከ ምልክት ይመስላት ነበር። እንዲህ ያለው ሕመም ኢሮቶማኒያ ይባላል። ምክር አይፈታውም፤ «አልወድሽም» ብትባል እንኳ «ሰው ፈርቶ ነው» ትላለች። ሕክምና ያስፈልገዋል።

በብዛት የሚያጋጥመው ግን የቀድሞ ፍቅረኛ ወይም ባል ነው፤ ቅናትና እልህ እንጂ እብደት የለበትም። (እኛም እንደ ማኅበረሰብ «ስለሚወድሽ ነው» እያልን እናባብሰዋለን!)

የሚከታተላችሁ ሰው ካለ አንዴ በግልጽ እምቢ በሉ፤ ከዚያ መልስ አትስጡ። መልእክቶቹን አታጥፉ፣ ለፖሊስ ማስረጃ ይሆናሉ።