የረዳቱን ወንበር የያዘው ውሻ

በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች በሚመላለሱ ከባድ መኪኖች ጋቢና ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጎን ውሻ ተቀምጦ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ጉዳዩ እንዲያው የፈረንጅ ቅብጠት ሊመስል ይችላል። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ከጉልበት ገበያ፣ ከናፍጣ ወጪና ከመንግሥት ደንብ ጋር የተያያዘ ሆኖ ይገኛል።

በጅቡቲ መስመር የሚሠራ የእኛ አገር ሾፌር ጎማ የሚያወርድለት፣ ጭነት የሚጠብቅለትና የሚያጫውተው ረዳት አለው። በአሜሪካ ግን ጉልበት ውድ ስለሆነ በአንድ መኪና ሁለት ደመወዝ የሚከፍል ባለንብረት ብዙ አይደለም። ስለዚህ ሾፌሩ ለሳምንታት ብቻውን ይነዳል፤ ብቻውን ያድራል። ውሻው የሚገባው በዚህ ባዶ ወንበር ነው።

ለመሆኑ ውሻው ምን ያስወጣል? የመጀመሪያው ወጪ ጊዜ ነው። አብዛኞቹ የረጅም መንገድ ሾፌሮች የሚከፈላቸው በተነዳው ማይል ልክ በመሆኑ የቆመ ጎማ ገንዘብ አያመጣም። በደንቡ መሠረት አንድ ሾፌር ሥራ ከጀመረ በኋላ ባሉት 14 ሰዓታት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም። እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ሰዓቱን የሚመዘግበው በመኪናው ላይ የተገጠመ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በመሆኑ እንደ ወረቀቱ ዘመን ማሸጋሸግ አስቸጋሪ ሆኗል። ሆኖም 8 ሰዓት የነዳ ሾፌር ለ30 ደቂቃ የማቆም ግዴታ አለበት። ብልህ ሾፌር ውሻውን የሚያንሸራሽረው በዚሁ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ወጪ ናፍጣ ነው። በበጋ ሙቀት ሞተር ጠፍቶ በተዘጋ ጋቢና ውስጥ የተተወ ውሻ ይሞታል። ሞተሩን ሳያጠፉ ማቆም ደግሞ በሰዓት 0.8 ጋሎን፣ ማለትም 3 ሊትር ያህል ናፍጣ ይበላል፤ በ10 ሰዓት ዕረፍት 30 ሊትር መሆኑ ነው። በዚያ ላይ እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ግዛቶች ከ5 ደቂቃ በላይ ሞተር አስነስቶ መቆምን ይከለክላሉ። መፍትሔው ጋቢናውን የሚያቀዘቅዝ ትንሽ ተጨማሪ ሞተር ማስገጠም ቢሆንም ዋጋው ቀላል አይደለም። መኪናው የራሱ የሆነ ሾፌር ይህን ሁሉ የሚሸፍነው ከኪሱ ነው።

ተቀጣሪው ሾፌር በበኩሉ የኩባንያውን ፈቃድ ይጠይቃል። ብዙ ኩባንያዎች በውሻው ክብደትና ቁጥር ላይ ገደብ ያደርጋሉ፤ ለጋቢና ጽዳትም መያዣ ያስይዛሉ። መያዣው ተመላሽ መሆን አለመሆኑን ውል ከመፈረም በፊት ማጣራቱ ይበጃል። ወደ ካናዳ የሚሻገርም ሰው ሌላ ሰነድ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ወዲህ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ መለያ ቺፕ የተቀበረለትና የመግቢያ ቅጽ የተሞላለት መሆን አለበት።

ታዲያ ኩባንያዎቹ ይህን ጣጣ ለምን ይፈቅዳሉ? መልሱ ያለው በሾፌር ፍልሰት ላይ ነው። በትላልቆቹ የጭነት ኩባንያዎች የሾፌር መለዋወጥ በብዙ ዓመታት ወደ 90 በመቶ ደርሷል። ይህም 100 ሾፌር ያለው ኩባንያ ቁጥሩን ሳይቀንስ ለመቆየት በዓመት 90 ያህል ሰው መቅጠር ነበረበት ማለት ነው። ማስታወቂያው፣ ምርመራውና ሥልጠናው ሁሉ ገንዘብ ነው። ደመወዝ ከመጨመር ውሻ መፍቀድ ይረክሳል።

የጤናውም ጉዳይ አለ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 ባካሄደው ጥናት ከ10 የረጅም መንገድ ሾፌሮች 7ቱ ከልክ በላይ ወፍረው ተገኝተዋል። ውሻ ያለው ሾፌር ወደደም ጠላም ከመኪናው ወርዶ ይራመዳል። ነዳጅ ማደያዎችም ይህን ገበያ ቀድመው አይተውታል፤ በመንገድ ዳር የውሻ መናፈሻ ያጠሩት ለጽድቅ ሳይሆን ውሻውን ሊያናፍስ የወረደው ሾፌር ናፍጣም እራትም እዚያው እንዲገዛ ነው።

በአሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ውሻ የግቢ ዘበኛ ብቻ በሆነበት ቤት ላደገ ሰው ከውሻ ጋር በአንድ ጋቢና ማደር ይከብደው ይሆናል። ብቸኝነቱና የናፍጣው ሒሳብ ግን ለማንም አገር ሰው አንድ ነው።