አያት የልጅ ልጁን ሲባርክ

ዛሬ የምንማረው በአያቶችና በልጅ ልጆቻቸው መካከል ስላለው ፍቅር ነው።

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አያታችሁ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የሚያመጡላችሁ ምንድን ነው? አዎ፥ ጸበል ጸዲቅ ነው። ከዝክሩ ከደረሳቸው ቁራሽ እርሳቸው ጥቂት ቀምሰው የቀረውን ለእናንተ ይቋጥራሉ። ቁራሿ ትንሽ ናት፤ አንዳንድ ጊዜም ደርቃ እናገኛታለን። ነገር ግን አያታችሁ በቤተ ክርስቲያን ቆመው ሲጸልዩ እናንተን እንዳልረሷችሁ ትናገራለች።

በአማርኛችን የልጃችን ልጅ ሌላ ስም የለውም፤ «የልጅ ልጅ» ብቻ እንለዋለን። «ልጅ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ እንጠራዋለን ማለት ነው። አያትም የልጁን ልጅ እንደ ገዛ ልጁ ያየዋል። ይህን ከሁሉ ይልቅ ግልጽ አድርጎ የሚያሳየን በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 48 የተጻፈው የአባታችን የያዕቆብ ታሪክ ነው።

ያዕቆብ ልጁ ዮሴፍ በሕይወት እንዳለ ሰምቶ ከከነዓን ወደ ግብፅ ከወረደ በኋላ በዚያ 17 ዓመት ኖረ፤ ዕድሜውም 147 ዓመት ሆነ። ዮሴፍ አባቱ እንደታመመ በተነገረው ጊዜ ሁለቱን ልጆቹን፥ ታላቁን ምናሴንና ታናሹን ኤፍሬምን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። እነዚህ ልጆች የተወለዱት በግብፅ ነው፤ እናታቸው አስናት የግብፃዊ ካህን ልጅ ነበረች፤ አባታቸውም በአገሩ ላይ የተሾመ ታላቅ ገዢ ነበረ። አያታቸው ግን በግ ጠባቂ ነው። ግብፃውያን ደግሞ በግ ጠባቂዎችን ይጸየፉ እንደነበር በዚያው መጽሐፍ ተጽፏል (ዘፍ 46፥34)። ምናሴና ኤፍሬም በአያታቸው ሊያፍሩ ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን አላፈሩበትም፤ ወደ ጉልበቱ ቀረቡ።

በሥዕል ላይ ብዙ ጊዜ ትንንሽ ሕፃናት ሆነው እናያቸዋለን። እስኪ እንቁጠር! ሁለቱም የተወለዱት ረሃቡ ከመግባቱ በፊት ነው (ዘፍ 41፥50)። ያዕቆብ ወደ ግብፅ የወረደው ረሃቡ ሁለት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ነው። በዚያም 17 ዓመት ኖረ። ሁለትና አሥራ ሰባት ሲደመር 19 ይሆናል። ስለዚህ በዚያ ቀን ታናሹ ኤፍሬም እንኳ 19 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ወጣት ነበር። «እኔ አሁን አድጌአለሁ፥ ጉልበት መሳም አያስፈልገኝም» የሚል ልጅ በመካከላችን ካለ ይህን ሒሳብ ደግሞ ይሥራው።

ያዕቆብ ዮሴፍ መምጣቱን ሲሰማ ተበረታትቶ በአልጋው ላይ ተቀመጠ። የታመመ ሽማግሌ የቤተሰቡን መምጣት ሲሰማ እንዴት ኃይል እንዳገኘ አያችሁ? ከዚያም ምናሴና ኤፍሬም እንደ ሮቤልና እንደ ስምዖን የእርሱ ልጆች እንደሚሆኑ ለዮሴፍ ነገረው። ሮቤልና ስምዖን የያዕቆብ የመጀመሪያ ልጆቹ ናቸው። የልጅ ልጆቹን ከእነርሱ ጋር እኩል አደረጋቸው ማለት ነው። በዚህም ምክንያት ኤፍሬምና ምናሴ ከእስራኤል ነገዶች ጋር ተቆጠሩ፤ ሕዝቡን ወደ ተስፋይቱ ምድር ያገባው ኢያሱም ከኤፍሬም ነገድ ነው።

የያዕቆብ ዓይኖች ከእርጅና የተነሣ ፈዝዘው ነበር። ስለዚህ ልጆቹ እነማን እንደሆኑ ጠየቀ፤ ከዚያም ወደ እርሱ አስቀርቦ ሳማቸው፥ አቀፋቸውም። የዮሴፍን ፊት እንኳ ዳግመኛ አያለሁ ብሎ ያላሰበ አባት የዮሴፍን ልጆች ለማየት በቃ።

ቀጥሎ በረከቱን ሊሰጣቸው ሆነ። ቀኝ እጅ የሚበልጠው በረከት የሚሰጥበት ስለሆነ ዮሴፍ ታላቁን ምናሴን በአባቱ ቀኝ፥ ታናሹን ኤፍሬምን በአባቱ ግራ አቆማቸው። ያዕቆብ ግን እጆቹን አስተላልፎ ቀኙን በኤፍሬም፥ ግራውን በምናሴ ራስ ላይ ጫነ። እስኪ እናንተም እጆቻችሁን እንደዚህ አድርጉ፤ ምን ቅርጽ ወጣ? የቤተ ክርስቲያናችን አባቶች ይህ የመስቀል ምሳሌ ነው ብለው ያስተምራሉ።

ዮሴፍ አባቱ የተሳሳተ መሰለው። እጁንም ይዞ ከኤፍሬም ራስ ላይ ሊያነሣው ፈለገ። ያዕቆብ ግን የሚያደርገውን እንደሚያውቅ ነገረው። ልጆች፥ ያዕቆብ ስለ ፈዘዘ ዓይን ጉዳይ ከማንም በላይ ያውቃል! ቀድሞ አባቱ ይስሐቅ ዓይኑ በፈዘዘ ጊዜ የፍየል ጠቦት ቆዳ በእጁና በአንገቱ ላይ አድርጎ፥ ወንድሙን ዔሳውን መስሎ አታልሎት ነበር (ዘፍ 27)። አሁን ግን የእርሱ ዓይን በፈዘዘ ጊዜ የልጅ ልጆቹ አላታለሉትም፤ ታላቁ ምናሴም «ቀኙ ለእኔ ይገባል» ብሎ እንደተከራከረ አልተጻፈም።

እኛ ብዙ ጊዜ የምንመስለው ዮሴፍን ነው። እማማ አንዱን ታሪክ ደግመው ሲነግሩን «ነግረውኛል እኮ!» እንላለን። አባባ የእኛን ስም ትተው በአባታችን ስም ሲጠሩን እንስቃለን። በአባታችን ስም የጠሩን ግን አባታችን እንደ እኛ ልጅ የነበረበት ዘመን ትዝ ብሏቸው ይሆናል። ያን ዘመን ያየ ሌላ ማን አለ? አባታችሁ በልጅነቱ ከዛፍ ላይ ወድቆ እንደሆነ፥ ትምህርት ቤት ሲሄድ አልቅሶ እንደሆነ ከእርሳቸው በቀር ማን ይነግራችኋል?

አያቶች የሚያወርሱን ትዝታ ብቻ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛው መልእክት በጢሞቴዎስ ያለው እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደነበረ ያስታውሰዋል (2ጢሞ 1፥5)። የጢሞቴዎስ አባት የግሪክ ሰው ነበረ (ሐዋ 16፥1)፤ ጢሞቴዎስ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን ያውቅ ነበር። ሎይድ በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀሰችው በዚህ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ተአምር አደረገች ወይም ለሕዝብ ሰበከች አልተባለም። አያት ነበረች፤ ስሟም በዚሁ እስከ ዛሬ ይነበባል። በአገራችንም ስንቶቻችን ነን ማማተብንና «አባታችን ሆይ»ን መጀመሪያ ከአያታችን የተማርን?

የእኔ አያት ፊደል አልቆጠሩም፤ ውዳሴ ማርያምን ግን በቃላቸው ይደግሙ ነበር። እኔም አጠገባቸው ተኝቼ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ይሁን እንጂ ባረፉ ቀን ካህኑ ለጸሎተ ፍትሐት የክርስትና ስማቸውን ሲጠይቁ ከልጅ ልጆቻቸው አንዳችንም መልስ አልነበረንም። እርስ በርሳችን ተያየን። ስሙን የነገሩልን አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ አሮጊት ናቸው። ለስንት ዓመት ከእጃቸው እየበላሁ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። እናንተ ግን ዛሬ ማታ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ በገጠር ወይም በሌላ አገር ካሉም ስልክ ደውሉና ጠይቁ። ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት ደግሞ «ይመርቁኝ» በሏቸው።

አያት በሕይወት የሌላችሁስ? የኑኃሚንን ታሪክ አስታውሱ። ኑኃሚን በሞዓብ ምድር ባልዋንና ሁለት ልጆችዋን ቀብራ ወደ ቤተ ልሔም ተመለሰች። ምራቷ ሩት ግን አልተለየቻትም። በኋላ ሩት ቦዔዝን አግብታ ኢዮቤድን ወለደች። ሕፃኑ ከኑኃሚን ልጆች የተወለደ አልነበረም፤ እርስዋ ግን አቅፋ አሳደገችው፤ ጎረቤቶችዋም የእርስዋ ልጅ አድርገው ቆጠሩት (ሩት 4፥16-17)። ይህ ኢዮቤድ የንጉሥ ዳዊት አያት ነው። በሰፈራችሁ ወይም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ብቻቸውን የሚቀመጡ አረጋዊ አታውቁምን?

ጥያቄዎች
1. ያዕቆብ እጆቹን ያስተላለፈው ለምንድን ነው? የምን ምሳሌ ነው?
2. የእመቤታችን አባትና እናት ማን ይባላሉ? ለጌታችንስ በሥጋ ምኑ ናቸው?
3. የአያቶቻችሁን የክርስትና ስም ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ቅድመ አያቶቻችሁንም እነማን እንደነበሩ ጠይቁ፤ በሚመጣው ሰንበት እናነባቸዋለን።