ስለ ውሻ ማሰሪያ አመራረጥ

ውሻ ቤትንና ከብትን የሚጠብቅ፥ ለጌታውም የታመነ እንስሳ ነው። ጦብያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋራ በተጓዘ ጊዜ ውሻው አብሮት እንደ ሄደ በመጽሐፈ ጦቢት ተጽፏል። ዳሩ ግን ሰውና መኪና በበዛበት ስፍራ፥ ይልቁንም ከእንጦጦ ግርጌ በጎጃም መንገድ ላይ እንዳለው እንደ አዲሱ ገበያ ባለ ሰፈር፥ ውሻን ሳያስሩ ይዞ መሄድ ለመንገደኛውም ለውሻውም አደጋ አለው። ማሰሩም የግድ ከሆነ በምን እንደሚታሰር ማወቅ ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው ያገኘውን ሲባጎ ወይም ሽቦ በውሻው አንገት ላይ ይቋጥራል። በአንገት ውስጥ ግን የትንፋሽ ቧንቧና ታላላቅ የደም ሥሮች አሉ፤ ቀጭን ነገር ሲሳብ ኀይሉ ሁሉ በጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ቆዳን ይቈርጣል፥ ትንፋሽንም ያፍናል። በአሜሪካ አገር በ26 ውሾች ላይ ተደርጎ በ1998 ዓመተ ምሕረት የታተመ ምርመራ፥ ውሻ በአንገት ማሰሪያ ሲጐትት በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት እንደሚጨምር፥ በደረት ማሰሪያ ሲጐትት ግን እንደማይጨምር አሳይቷል። ሕመም ጠባይንም ያበላሻል፤ ሰው በቀረበ ቍጥር የሚታነቅ ውሻ ሕመሙ ከዚያ ሰው የመጣ ስለሚመስለው ለመንከስ ይነሣል። ሕፃናት በሚመላለሱበት መንደር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ማሰሪያ ሲመረጥ የሚከተለውን መመልከት ይገባል።

1ኛ፤ ከለፋ ቆዳ ወይም ከጠንካራ ጨርቅ የተሠራ፥ ጠፍጣፋና ዘለበት ያለው ይሁን። ጥሬ ጠፍር በዝናም ርሶ ሲደርቅ ይኰማተራልና አይበጅም።

2ኛ፤ በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት ይግባ። ከዚህ ቢጠብቅ ያንቃል፤ እጅግ ቢላላ ይወልቃል።

3ኛ፤ ቡችላ ቶሎ ያድጋልና ማሰሪያው በየሳምንቱ ይታይ። የተረሳ ገመድ ሥጋ ውስጥ ይቀበራል።

4ኛ፤ ሲሳብ የሚጠብቅ ማነቆና ጥርስ ያለው ብረት ይቅር።

5ኛ፤ መጐተት የለመደ ውሻ በደረት ማሰሪያ ይመራ። የጋሪ ፈረስ በደረቱና በትከሻው እንጂ በጉሮሮው አይስብም፤ ለውሻም እንዲሁ ነው። ማሰሪያው ብብቱን እንዳይልጠው ግን መጠንቀቅ ይገባል።

ማሰሪያ ውሻን ይይዛል እንጂ አያስተምርም። ውሻው ሲጐትት መቆም፥ ገመዱ ሲላላ መራመድና ጥቂት ምግብ መስጠት ነው፤ ይህ ዘወትር ቢደጋገም ያለ ዱላ ይለምዳል። ቀን የታሰረ ውሻ ጥላና ውኃ አይጣበት። ማታ ግን ከእንጦጦ ጫካ ጅብ ይወርዳል፤ የታሰረ ውሻም መሸሽ አይችልም፤ ስለዚህ በታጠረ ግቢ ውስጥ ፈቶ መልቀቅ ይሻላል።

ደግሞም መልካም ማሰሪያ የእብደት በሽታን አይከለክልምና ውሻው ይከተብ። የተነከሰ ሰው ቢኖር ቍስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ።

መምህራን በሁለት ጣት መለካትን ለተማሪዎች ቢያሳዩ፥ ሽማግሌዎችም የመንደሩን ሰው ቢመክሩ፥ ውሻው ከሥቃይ፥ ብዙ ሕፃናትም ከንክሻ ይድናሉ።