ዕዳ ሰብሳቢዎቹ ድመቶች

በላስታ ደጋ ሌሊት የሚፈራው ጅብ ነው። ሲመሽ በር የሚቀረቀረው፣ ልጅ ከደጅ የሚጠራው፣ አህያ ቶሎ በረት የምትገባው በእሱ ሰበብ ነው። የቡዳ ወሬም የሚዞረው በጅብ ዙሪያ ነው፤ ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ ወይም ሸክላ ሲሠራ የዋለ ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ድመት ከዚህ ሁሉ ነጻ ናት። የገብሱን ጎታ ከአይጥ ትጠብቃለች፣ ሲበርዳት ምድጃ ዳር አመድ ላይ ትተኛለች፣ ብትጠረጠርም በወተት ሌብነት ነው። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት እንኳ ያስቃል እንጂ አያስፈራም።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር ስለ ክፉ ድመቶች የተሠራን አስፈሪ ፊልም ማስተዋወቅ ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል። ፊልሙ «ዘ አንካኒ» ይባላል። እንግሊዝና ካናዳ በጋራ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1977 አወጡት። ዳይሬክተሩ የኩቤኩ ዴኒ ኤሩ፣ ጸሐፊው ሚሼል ፓሪ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ዘመኑ 1969 እና 1970 ዓ.ም. ላይ ይወድቃል፤ ያኔ አዲስ አበባ የራሷ ሽብር ነበራት፣ የለንደን ድመት የሚፈራበት ትርፍ ልብ ማንም አልነበረውም።

አንድ ወጥ ታሪክ የሚጠብቅ ተመልካች መጀመሪያ ግር ይለዋል። እንዲህ ያሉት ፊልሞች አንቶሎጂ ይባላሉ፤ ሦስት አራት አጫጭር ታሪኮች በአንድ ማቀፊያ ታሪክ ይታሰራሉ። ተአምረ ማርያም ሲነበብ ላደገ ሰው አካሄዱ እንግዳ አይሆንበትም፤ እያንዳንዱ ተአምር ለብቻው ይቆማል፣ መጽሐፉ ግን አንድ ነው። በሲኒማ ለዚህ ዘዴ ዋነኛ አርአያ ሆኖ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣው የእንግሊዞቹ «ዴድ ኦፍ ናይት» ነው። ከዚያ በኋላ ሚልተን ሰቦትስኪ የሚባል አሜሪካዊ ከማክስ ሮዘንበርግ ጋር እንግሊዝ አገር አሚከስ የተሰኘ ኩባንያ አቋቁሞ መተዳደሪያው አደረገው። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ታሪኩ አጭር ስለሆነ ስመ ጥር ተዋናይ ለጥቂት ቀን ብቻ ይቀጠራል፣ ፖስተሩ ላይ ግን ስሙ በትልቁ ይጻፋል። ሰቦትስኪ ለ«ዘ አንካኒ»ም ፕሮዲውሰር ሆኖ ይህንኑ ብልሃት ይዞ መጣ።

ማቀፊያው ታሪክ ሞንትሪያል ውስጥ ነው። ፒተር ኩሺንግ የሚጫወተው ደራሲ ድመቶች በምስጢር ሰውን ይገዛሉ የሚል መጽሐፍ ጽፎ፣ በፍርሃት እየተንቀጠቀጠ አሳታሚ ዘንድ ይቀርባል። አሳታሚው ሬይ ሚላንድ ነው፤ እሱም ነጭ ድመት አለችው። ኩሺንግ በዚያው ዓመት በ«ስታር ዋርስ» ጨካኙን የጦር አዛዥ ሆኖ መጫወቱን ለሚያስታውስ፣ እዚህ እንደ ተባረረ የቆሎ ተማሪ ዙሪያውን ሲገላመጥ ማየት ብቻውን ደስ ይላል።

ከሦስቱ ታሪኮች አንደኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1912 ለንደን የተደረገው፣ ከሁሉም ይበልጣል። አንዲት ሀብታም አሮጊት ንብረቷን በሙሉ ለድመቶቿ ትናዘዛለች። የወንድሟ ወይም የእህቷ ልጅ ውርሱን ሲያጣ፣ ፍቅረኛው የሆነችው የቤቱ ሠራተኛ ጃኔት ኑዛዜውን ለማጥፋት ካዝናውን ትከፍታለች። አሮጊቷ ትደርስባታለች፤ ጃኔትም በትራስ አፍና ትገድላታለች። ያኔ ድመቶቹ ይነሳሉ። ጃኔት ሸሽታ ጓዳ ገብታ በሩን ትዘጋለች፣ እዚያው ትከርማለች። ቤቱን ለማገልገል የተቀጠረች ሴት በዚያው ቤት ጓዳ እስረኛ ሆነች ማለት ነው። ውጭ የተራቡት ድመቶች የእመቤታቸውን ሬሳ ይበላሉ። ዳይሬክተሩ እዚህ ላይ አይቸኩልም፤ በሩ ሲፋቅ ይሰማል፣ ልጅቷ ቀስ በቀስ ስትጎሳቆል ይታያል። ፊልሙ በእውነት የሚያስፈራው በእነዚህ ደቂቃዎች ነው።

ሁለተኛው ቶሎ የሚታለፍ ነው። ወላጆቿን ያጣች ልጅ ዌሊንግተን ከተባለ ጥቁር ድመቷ ጋር ኩቤክ አክስቷ ቤት ትገባለች፤ የአክስቷ ልጅ ታሰቃያታለች፤ እሷም ከእናቷ በወረሰችው የአስማት መጽሐፍ አሳዳጇን አይጥ ታሳክላታለች። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ብልሃቱ ግን ዛሬ ያስቃል። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1936 ሆሊውድ ነው። ዶናልድ ፕሌዘንስ የሚጫወተው ተዋናይ በፊልም ቀረጻ ላይ የውሸቱን ስለት በእውነተኛ ቀይሮ ሚስቱን ያስገድላል፣ የሟች ድመትም ትከታተለዋለች። ይኸው ፕሌዘንስ እ.ኤ.አ. በ1967 በጄምስ ቦንድ ፊልም ነጭ ድመት ታቅፎ የሚያሴረው ወንጀለኛ ነበር፤ ድመቶቹ ያን ጊዜም ሳይታዘቡት አልቀሩም።

ልብ ብሎ ያየ ሰው የሚገርመው ነገር አለ። በሦስቱም ታሪኮች መጀመሪያ የበደለው ሰው ነው፤ አንዷ ለውርስ ገደለች፣ አንዷ የሙት ልጅ አሰቃየች፣ አንዱ ሚስቱን አስፈጀ። ድመቶቹ የሚመጡት ዕዳ ሊሰበስቡ ነው። የኩሺንግ ደራሲ «ድመት ክፉ ናት» ብሎ ይከራከራል፣ ማስረጃ ብሎ የሚያቀርበው ግን ሁሉ ሰውን የሚከስ ነው። ገድለ ላሊበላ ንቦች ሕፃኑን በከበቡት ጊዜ ንጉሥነቱን ዐውቀው እንደሆነ ይተርካል፤ እዚህ ደግሞ ድመቶች ከበው ጥፋተኛውን ይለያሉ። የቡዳው ወሬ ግን በተቃራኒው ይሄዳል፤ ምንም ያላጠፋ ቀጥቃጭ ላይ የአውሬ ስም ይለጥፋል፣ ለዚህም በሰሜን ኢትዮጵያ ስንት ባለ እጅ ተገልሎ ኖሯል። በዚህ ሚዛን የሰቦትስኪ ድመቶች ከእኛ ወሬ የተሻሉ ፈራጆች ናቸው።

ፊልሙን ያቆየው የቤት ቪዲዮ ነው። ቪኤችኤስ ካሴት ጃፓን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1976፣ ከፊልሙ አንድ ዓመት ቀድሞ ነበር፤ እንዲህ ያሉ መካከለኛ ፊልሞችም ከአዳራሽ ከወረዱ በኋላ በኪራይ ካሴት ሁለተኛ ዕድሜ አገኙ። በእኛም ከተሞች ዴክና ቴሌቪዥን ያለው ሰው ክፍሉ ውስጥ አግዳሚ ደርድሮ ቪዲዮ ቤት የከፈተው በዚሁ ካሴት ነው። አሁን «ዘ አንካኒ» ጠርቶ በብሉ ሬይ ወጥቷል። ጥራቱ ግን ጉድ ያወጣል፤ በደበዘዘ ካሴት ላይ ዝላይ የሚመስለው አሁን ከካሜራ ጀርባ የተወረወረች ድመት ይመስላል። ድመት እንደ ውሻ ታዝዛ አትሠራም፤ በብዙ ትዕይንት ላይ ስልችት ብሏት ተቀምጣለች፤ ቁጣው የሚመጣው ከድምፅ ባለሙያው ነው።

ለልጆች የሚሆን ከተፈለገ «ካትስ አይ» ይሻላል፤ እሱም የስቴፈን ኪንግ ሦስት ታሪኮች ያሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ ነው። የመጨረሻው ታሪክ ላይ እናት ድመቷ የልጄን ትንፋሽ ትሰርቃለች ብላ ታባርራታለች፤ ሌባው ግን ግድግዳ ውስጥ የተደበቀ ትንሽ ጭራቅ ነው፣ ከእሱ የምታድናትም ድመቷ ናት። የመጀመሪያው ታሪክ ማሰቃየት ስላለበት ትንንሾቹን ከእሱ አሳልፎ በሦስተኛው መጀመር ይቻላል።