አፍ የሚሰበስቡት ውህዶች

ደብረ ብርሃን ላይ ዳሽንም ሐበሻም ቢራ ይጠምቃሉ። በዚያው ከተማ ጠላ ቤቱም አልጠፋም። ሁለቱም መነሻቸው የሸዋ ደጋ የታወቀበት ገብስ ነው፤ ሁለቱም ብቅል ይፈልጋሉ። ቢራው ግን ከፍሪጅ ወጥቶም ብርጭቆው ውስጥ ጥርት ብሎ ይታያል። ጠላው ድፍርስ ነው፤ ጎንጨት ሲሉት ደግሞ ምላስና ድድን ሰብሰብ ያደርጋል። ለድፍርሱ እርሾውም ዱቄቱም ድርሻ አላቸው። አፍ በመሰብሰቡ ግን በዋናነት የሚጠየቁት ፖሊፌኖል የሚባሉት የዕፅዋት ውህዶች ናቸው።

ፖሊፌኖል የአንድ ንጥረ ነገር ስም አይደለም። እስካሁን ከ8,000 በላይ ዓይነት ተለይቷል፤ ሻይ፣ ቡና፣ ጤፍ፣ የወይን ልጣጭ፣ የዛፍ ቅርፊት ሁሉ አለባቸው። የጋራ መለያቸው ስድስት ካርቦኖች ተያይዘው የሠሩት ቀለበትና በቀለበቱ ዳር የተንጠለጠሉ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች ናቸው። ከመካከላቸው ግዙፎቹ፣ ታኒን የምንላቸው፣ ፕሮቲን ካገኙ አይለቁም። ምራቃችን አፍን የሚያለሰልሱ ፕሮቲኖች አሉት፤ ታኒኑ እነሱን ይዞ ያረጋቸዋል፤ ያን ጊዜ አፋችን ሻከር ይላል።

ቢራ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። የገብሱ ፕሮቲንና የገብሱ ፖሊፌኖል ቅዝቃዜ ሲያገኛቸው ተያይዘው መጠጡን ያደፈርሱታል። ደንበኛ ደግሞ ድፍርስ ቢራ ሲያይ የተበላሸ ይመስለዋል። ስለዚህ በዓለም ዙሪያ ያሉ ብዙ ጠማቂዎች ፖሊፌኖሉን በሚስብ የፕላስቲክ ዱቄት፣ ፕሮቲኑን በሚስብ ሲሊካ ካስያዙ በኋላ ያጣራሉ።

ጠላ ጠማቂዋ ይህ ጭንቀት የለባትም። የወቀጠችውን ጌሾ ከብቅል ጋር ትጠነስሳለች፤ እንኩሮውን አንኩራ ትደፈድፋለች፤ ጋኑን በወይራ ጭስ ታጥናለች። ፊልተር የሚባለው ጠላ እንኳ የሚጠለለው በጨርቅ ነው፤ ጨርቅ ደግሞ ድፍድፉን እንጂ የሟሟ ፖሊፌኖል አይዝም። የጌሾው ምሬት ራሱ የፌኖል ዘመድ ነው። ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው በ1995 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ከቅጠሉ መራራውን ውህድ ነጥለው አውጥተው ጌሾይዲን ብለውታል። ለአገር ልጅ ምሬት የወጣ ሳይንሳዊ ስም ስለሆነ ደስ ይለኛል።

ተክሉ ይህን ሁሉ የሚያዘጋጀው ለእኛ ብሎ አይደለም። ከአባጨጓሬና ከፍየል ሮጦ አያመልጥም፤ ስለዚህ ፕሮቲኑ ለበላተኛው ሆድ አልፈጭ እንዲል ያደርጋል። ሌላው ሥራ ከፀሐይ መከለል ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን አልትራቫዮሌት ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። ፍላቮኖይድ የተባሉት ፖሊፌኖሎች ያን ጨረር ቅጠሉ ላይ ይውጡታል። ሐምራዊውን ገብስ የሚያቀልመው አንቶሲያኒንም ከእነዚሁ ወገን ነው።

ታኒን ፕሮቲን እንደሚይዝ ቆዳ ፋቂዎችም ኬሚስትሪውን ሳይማሩ ያውቁታል። በግራር ቅርፊት የተነከረ ቆዳ አይበሰብስም፤ ታኒኑ የቆዳውን ፕሮቲን ጠፍሮ ይይዘዋልና።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር ሲደርሱ ደግሞ ሌላ ፌኖል ይጠብቅዎታል፤ ኮሶ። ዛፉ ቀዝቃዛ ደጋ ይወዳል፤ በወፍ ዋሻ ደንም ይገኛል። ወንዱና ሴቴው ለየብቻ ናቸው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴዋ አበባ ነው። ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተዘፍዝፎ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ የሚወድ አገር ይህን የመሰለ መድኃኒት ባያገኝ ኖሮ ምን ይውጠው ነበር? ከጥሬ ሥጋ የሚመጣውን የኮሶ ትል የሚያስለቅቁት ኮሲንና ኮሶቶክሲን የፍሎሮግሉሲኖል ውጤቶች ናቸው፤ ማለትም ሦስት ጥንድ ከተንጠለጠለበት ቀለበት የተሠሩ። በ1839 (እ.ኤ.አ.) አንኮበር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የመጣው ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ቆይቶ አበባውን ወደ አውሮፓ ወስዶ ለገበያ አቅርቦታል። በአገራችን ግን ኮሶ በብዛት የጠጡ ሰዎች የዓይናቸው ነርቭ ተጎድቶ መታወራቸው በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል። ዛሬ የትሉ መድኃኒቶች ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል እያሉ በግምት እየለኩ ኮሶ መጋት ለእኔ አይዋጥልኝም።

አሁን አሁን ፖሊፌኖል የሚነሳው አንቲኦክሲዳንት በሚል ማስታወቂያ ነው። በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ ጎጂ ሞለኪውሎችን ማክሸፋቸው እውነት ነው። ከምንበላው ወደ ደም የሚገባው ግን ጥቂቱ ነው፤ የቀረውን አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሰባብረው ወደ ሌላ ውህድ ይለውጡታል። በዱቄት መልክ ታሽጎ በውድ የሚሸጠው ከተራ ቆሎና ሽሮ የተሻለ ነገር ይሰጣል ብሎ ማመን ይከብዳል።

ማስታወቂያው የማያነሳው ደግሞ ብረት ነው። ፖሊፌኖል ፕሮቲን እንደሚይዘው ሁሉ ብረትም ይይዛል። ጾመኛ ብረቱን የሚያገኘው ከጤፍ፣ ከምስርና ከሽሮ ነው። የዕፅዋት ብረት ድሮም በቀላሉ አይሰርግም፤ ከምግቡ ጋር ጥቁር ሻይ ከተጠጣበት ሰውነት የሚወስደው መጠን በግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ቡናም ያው ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡርና ደም ያነሳቸው ሰዎች ሻዩንና ቡናውን ከማዕድ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢያቆዩት፣ ሽሮው ላይ ሎሚ ቢጨምቁበት ወይም ጥሬ ቃሪያ ቢያክሉበት ይጠቅማቸዋል። የሎሚውና የቃሪያው ቫይታሚን ሲ ብረቱን ሰውነት በቀላሉ በሚወስደው መልክ ያቆየዋል።